ለርዕሱ የተሳለ ፊደል

ሀያም ኑሪ ፊደል ስትመርጥ ላያት ሰው ሽንኩርት የምትመርጥ ነው የምትመስለው። አንዱን ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ ትጥላለች፣ ሌላ ታነሳለች። ሥራዋ ድረ ገጽ መሥራት ነው። ሸጎሌ ባለው ቤታቸው ውስጥ፣ የአባቷ የክር ጆንያ ከተደረደረበት ክፍል ጥግ ጠረጴዛ አስገብታ፣ ለሆቴሉም ለክሊኒኩም ለትምህርት ቤቱም ገጽ ትሠራለች። ገጹን ማቆም አያስቸግራትም። የሚያስቸግራት ማልበሱ ነው። ርዕሱ በምን ፊደል ይጻፍ፣ ምን ያህል ይወፍር፣ በመስመርና በመስመር መካከል ምን ያህል ክፍተት ይኑር የሚለው ነገር እንቅልፍ ይነሳታል። እንግሊዝኛው እንደሆነ ልብሱ ሞልቶ ተርፎታል። አማርኛው ግን ዞሮ ዞሮ ያው የለመድነው ነው፤ የመድኃኒት ቤቱም የሠርግ አዳራሹም ገጽ አንድ ዓይነት ለብሰው ሲቆሙ ስታይ ትበሽቃለች።

«ሰው የሚያነበው ቃሉን ነው እንጂ ቅርጹን መች ያያል?» ይሏታል እናቷ ወይዘሮ ሀጂራ።

«እማ፣ አንቺስ አንድ ሻሽ ለመግዛት ግማሽ ቀን የምትዞሪው ለምንድን ነው?»

«እሱ ሌላ ነው!»

ያን ሰሞን አንድ የሸማኔዎች ማኅበር ሥራ ሰጥቷት ነበር። አባቷ ጋሽ ኑሪ ሽሮ ሜዳ ላይ ለሸማኔዎች ድርና ማግ ሲሸጡ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ገብርኤልም የቆዩ ደንበኛቸው ስለሆኑ «ልጅህ ትሥራልን» ብለው ነው የመጡት። ብዙ አላስቸገሯትም። «ገጹን የከፈተ ሰው ጽሑፉን ሲያይ ሸማ እንዳየ ይሁን» ብቻ ብለዋት ሄዱ። ቀላል ነገር ያዘዙ መስሏቸው።

እንግዲህ ሀያም ሸማ የሚመስል ፊደል ፍለጋ ገባች። ኢንተርኔቱን አሰሰች፣ የጓደኞቿን ኮምፒውተር በረበረች፣ አጣች። ያገኘችው ጠዋት በእግሯ ወደ አዲሱ ገበያ ስትወርድ ነው፤ ያውም የዳቦ ቤት ባነር ላይ። አንድ ወጣት መሰላል ላይ ወጥቶ ባነሩን ይሰቅላል። ፊደሎቹ ወፈር ብለው ጫፋቸው ላይ ይቀጥናሉ፣ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ ተጠጋግቶ ቆሟል። ሀያም መንገዱ መሐል ቆመች። አንድ ሚኒባስ ጡሩምባውን ነፋባት።

«ማነው የጻፈው?» ብላ ወደ ላይ ተጣራች።

ወጣቱ ደነገጠ። «ስህተት አለው እንዴ?»

«የለውም።»

«ታዲያ?»

«የፊደሉ ፎንት ምን ይባላል? ፈልጌ ፈልጌ አጥቼው ነው።»

ወደ ታች አያት። ባነሩን የያዘበት እጁ ላላ፣ ባነሩም በአንድ ጎኑ ዘመም አለ። «ስም የለውም። እኔ ነኝ የሳልኩት።»

«ሁሉንም ፊደል?»

«እ... ማለቴ፣ ሁሉንም አይደለም። ለዳቦ ቤቱ ስም የሚሆኑትን ብቻ።»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩትን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«እኔ ጠየቅሁህ» አለች ሀያም፣ ከራሷ ይህን ያህል ድፍረት ሳትጠብቅ።

ስሙ ኑሕ ነው። አዲሱ ገበያ ከሚገኝ የባነር ማተሚያ ቤት ውስጥ ይሠራል። ከስልጤ የመጡት ወላጆቹ በልጅነቱ ስላረፉ ያሳደጉት አጎቱ አወል ናቸው፤ እሳቸውም እዚያው ሰፈር የዕቃ ሱቅ አላቸው። ኑሕ ቀን ለደንበኛ የሚያትመውን ያትምና፣ ሥራ ጋብ ሲል ለራሱ ፊደል ይስላል።  ደስ ስለሚለው ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው አገናኛቸው። ከማተሚያ ቤቱ ትይዩ ጭማቂ ቤት አለ። በመስኮቱ በኩል ይቀመጣሉ፣ ላፕቶፑ በመካከላቸው ይሆናል። ያ ላፕቶፕ ባይኖር ሁለቱም አፋቸውን የሚከፍቱ ሰዎች አልነበሩም። እሱ የሳለውን ያመጣል፣ እሷ ገጹ ላይ ትሞክረዋለች።

«አየህ፣ ገጽ ራቁቱን ነው የሚወለደው» አለችው አንድ ቀን። «ሲኤስኤስ የምንለው ልብሱን የምናዝለት ነው። ርዕሱ በዚህ ፎንት ይሁን፣ ይህን ያህል ይተልቅ፣ ቀለሙ ይህ ይሁን እያልኩ እጽፋለሁ።»

«እና ይሰማሻል?»

«ከቤታችን ሰው ሁሉ የተሻለ።»

ኑሕ ሳቀና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «እዚህ ጋ ግን ለምንድን ነው ሁለት ስም የጻፍሽው?»

«የመጀመሪያው የምፈልገው ፎንት ነው። ሁለተኛው ተጠባባቂ። የመጀመሪያው ካልተገኘ ጽሑፉ በተጠባባቂው ይወጣል።»

«በኛ ሥራ ተጠባባቂ የሚባል ነገር የለም» አለ ኑሕ። «ከታተመ ታተመ። ባነሩን ያየ ሰው ሁሉ የሚያየው አንድ ነው።»

ይጨቃጨቁም ነበር። እሷ መስመሮቹ ይራራቁ ትላለች፣ እሱ ይቀራረቡ ይላል።

«ተጨናንቀዋል፣ ኑሕ። ለዓይን ይከብዳሉ።»

«አልተጨናነቁም። መቀራረባቸው ነው የሚያምረው።»

ይህን ካለ በኋላ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እሱ የጭማቂውን ብርጭቆ አነሳ፤ ብርጭቆው ባዶ ነበር። እሷም የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ምንም የማይጽፍ ቁልፍ ስትነካካ ቆየች። 

ሀያም ወደደችው። ነገሩን ማድበስበስ አያስፈልግም። ቀስ ብሎ መናገሩን፣ አንድ ፊደል አላምር ሲለው እንደታመመ ልጅ አትኩሮ ማየቱን፣ ሒሳብ ሲከፈል አስተናጋጇን ማመስገኑን ወደደችለት። እሱስ? እሱ ይወዳት እንደሆነ አታውቅም ነበር፤ ከቁስቋም የወረዱ ዕለት እስኪነግራት ድረስ።

የዚያን ዕለት ፎቶ ሊያነሱ ከጋሽ ገብርኤል ጋር ወደ ቁስቋም ወጥተው፣ ሸማኔዎቹ የሽመና ዕቃቸው ላይ ተቀምጠው ሲሠሩ ሲያነሱ ዋሉ። ሲመለሱ ጋሽ ገብርኤል ቁልቁለቱን ከፊት ከፊት ወረዱ። ኑሕ እርምጃውን አዘገየ።

«ሀያም።»

«አቤት።»

«እ... ማለቴ... ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ያባርሩብኝ ይሆን?»

ሀያም ቆመች።  በእነ ጋሽ ኑሪ ቤት ሴት ልጅ መንገድ ላይ ቆማ ለወንድ «እሺ» አትልም። ያለች እንደሆነ «ዓይን አውጣ» የሚለው ስም ከእሷ አልፎ እናቷም ዘንድ ይደርሳል። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

ኑሕ ዝምታው ሲረዝም ደንግጦ ቶሎ ቶሎ ይናገር ጀመር። «አሁን አትመልሺ። በቃ፣ አሁን አትመልሺልኝ።» ከኪሱ ትንሽ ፍላሽ አወጣ። «እዚህ ውስጥ ሌላ ፎንት አለ። የማኅበሩ አይደለም፣ የባነርም አይደለም። ሳልኩት እንጂ ለማንም አላሳየሁትም። ስሙ ሀያም ነው።»

«ምን?»

«የፎንቱ ስም። ሀያም ብዬዋለሁ።» ፍላሹን መዳፏ ላይ አኖረው። «ገጹ የሚከፈት ቀን ርዕሱን በዚህ ፊደል ካየሁት፣ እሺ ብለሻል ማለት ነው፤ አጎቴን እልካለሁ። ካላየሁት ደግሞ ወላሂ ቅር አይለኝም። ዳግመኛም አንስቼ አላስቸግርሽም።»

አፍ እያለ በድረ ገጽ መመላለስ ምን የሚሉት ነገር ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነቱን ነው። ግን እነዚህ ሁለት ሰዎች ከተዋወቁ ጀምሮ የተግባቡት በፊደል ነበርና ለእነሱ ከዚህ የሚቀል መንገድ አልታያቸውም። ሀያም ፍላሹን ጨብጣ ቁልቁለቱን እየሳቀች ወረደች።

ገጹ በሚከፈትበት ቀን ከሰዓት በሩን ዘጋች። ፎንቱን ኮምፒውተሯ ላይ ጫነችና በርዕሱ ትእዛዝ ላይ የፎንቱን ስም፣ የራሷን ስም፣ ጻፈች። ቀጥላም እንደ ልማዷ ተጠባባቂውን አስከተለች። ወዲያው ርዕሱ ተለወጠ። «ከእጅ የወጣ ሸማ» የሚለው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ በኑሕ ፊደል ቆመ። የሸማው «ሸ» እግሮቹ እንደ ነጠላ ዘርፍ ወረድ ብለዋል፣ «ማ»ው ደግሞ ወደ እሱ ዘንበል ብሎለታል። ሀያም አለቀሰች። በስልክ ሲታይ ምን እንደሚመስልም እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ በስልክ ልክ አጥብባ አየችው። የራሷ ስልክ ወድቆ ወድቆ ስክሪኑ ስለተሰነጣጠቀ፣ ከመደወልና ከመቀበል በቀር ለሌላ አይሆንም ነበር፤ ቴሌግራሙንም የምታየው በኮምፒውተር ነው። ሁሉም ያምራል። ገጹን ለዓለም ከፈተችው።

ማታውን ከኑሕ መልእክት መጣ። «ገጹን አየሁት። ያምራል። እንኳን ደስ አለሽ።»

«ያምራል» የምትለዋን ቃል እየደጋገመች አነበበች። እሱም እንደሷ ዓይን አፋር ነውና ከዚህ በላይ እንዲጽፍ አልጠበቀችም። የቀረው የአጎቱ መምጣት ነው። በማግስቱ ሳሎኑን ጠረገች፣ መጋረጃ አጠበች፣ የሶፋውን ልብስ ቀየረች። በር በተንኳኳ ቁጥር ሻሿን እያስተካከለች ብድግ ትላለች። አንዴ የውኃ ቆጣሪ አንባቢው፣ አንዴ ጎረቤት፣ አንዴ ክር የሚፈልጉ ሸማኔ።

«ምነው ልጄ፣ ሳሎኑን ጠርገሽ ጠርገሽ ጨረስሽው?» አሏት ወይዘሮ ሀጂራ።

«አቧራ በዝቶ ነው፣ እማ።»

ሳምንቱ አለፈ። ወሩም አለፈ። የአጎት አወል ጥላም አልታየም። አንድ ቀን ሸጎሌ ታክሲ ተራ ላይ ከኑሕ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። ከስቷል። 

«እንደምን ነሽ፣ ሀያም? አባት ደህና ናቸው?» አለ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው። አንተስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ሁለቱም ሌላ ቃል ጠበቁ። ረዳቱ «አንድ ሰው፣ የቀረው አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። ኑሕ «ግቢ፣ አንቺ ቅደሚ» ብሎ ወደ ኋላ አለ። ገባች። ታክሲው ሲነሳ በመስኮት አየችው፤ መሬት መሬት ያያል። ሐሳቡን ቀይሯል ማለት ነው አለች በልቧ። እኔ እሺ ብያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ልበል? ሄጄ ልለምነው? ሁለቱም ጨዋ ነበሩ፣ ጨዋነታቸው ግን ሊገድላቸው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሀያም የሸማኔዎቹን ገጽ መክፈት ተወች። የራሷን ስም የያዘ ፊደል ማየት አቃታት።

ለካ በር የሚንኳኳው ለሌላ ኖሯል። አንድ እሑድ ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸው ኢምራን የሚባል፣ የጋሽ ኑሪ የንግድ ወዳጅ ልጅ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ይቀለን ነበር፤ ግን አይደለም። ሥራ ወዳድ፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ለእናቱ የሚታዘዝ ልጅ ነው። ጋሽ ኑሪ እንግዶቹን በክብር ተቀበሉና፣ እንደ ወጉ «እንመካከርና ጁምዓ መልስ እንሰጣለን» ብለው ሸኟቸው። ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ሀያምን ጠሯት። እናቷም ከጓዳ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ነይ፣ ተቀመጪ። ለእንግዶቹ ያንቺን ገጽ አሳየኋቸው» አሉ ጋሽ ኑሪ ስልካቸውን እያቀበሏት። «የገብርኤልን። ይህን የሠራች እሷ ናት አልኳቸው። ጽሑፉ ለዓይኔ አንሶብኝ ነው እንጂ አነብላቸው ነበር። እስቲ አጉይልኝ።»

ሀያም ሳትወድ ተቀበለች።

«እንግዲህ ለምን እንደመጡ ሰምተሻል» ቀጠሉ አባቷ። «ልጁን ታውቂዋለሽ፣ ቤተሰቡንም ታውቂዋለሽ። እኔ አንቺ ያላልሽውን አላደርግም። ኢምራንን ምን ትያለሽ?»

ሀያም ግን ስልኩን እያየች ነበር። «ከእጅ የወጣ ሸማ» ይላል ርዕሱ። ቃሉ ያው ነው። ፊደሉ ግን የኑሕ አይደለም። ያ በየገጹ የምታውቀው፣ መድኃኒት ቤቱም የሠርግ አዳራሹም የለበሰው፣ ተጠባባቂ ብላ የጻፈችው ፊደል ነው። ገጹን ዘግታ ከፈተችው። ያው ነው። 

ያን ጊዜ ገባት። ፎንቱን የጫነችው የራሷ ኮምፒውተር ላይ ነው። የሌላ ሰው ስልክ እንዲያየው ከተፈለገ ፋይሉ ከገጹ ጋር አብሮ ሰርቨር ላይ፣ ገጹ ለሁሉም በሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ፣ መውጣት ነበረበት። ይህን ለስንት ደንበኛ ያደረገች ሰው ናት። የዚያን ቀን ግን ልቧ ከእጇ ቀድሞ ስሙን ጠርታ ባለስሙን ፋይል ከቤት ሳታስወጣው ቀረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል እንዲህ ነው። እሷ ኮምፒውተር ላይ እሺ እያለች ስታለቅስ፣ ኑሕ ስልኩ ላይ እምቢታዋን አንብቧል። አንብቦም «ያምራል፣ እንኳን ደስ አለሽ» ብሏታል። ያ ሁሉ ዝምታ ሐሳቡን መቀየሩ አልነበረም፤ በማለው መሐላ መጽናቱ ነበር።

«ሀያም?» አሉ አባቷ።

መልስ የለም። ስልኩ ላይ ተተክላ ቀርታለች።

ጋሽ ኑሪ ፈገግ አሉ። በእነሱ ወግ፣ ኡስታዞቹም ሲያስተምሩ እንደሚሰማው፣ ልጃገረድ ስለ ጋብቻ ተጠይቃ ዝም ካለች ዝምታዋ ፈቃዷ ነው፤ አፍራ ነው ይባላል። «አልሐምዱሊላህ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ወይዘሮ ሀጂራ እንባቸውን ጠርገው እልልታውን አቀለጡት።

እልልታው ነው ሀያምን ያነቃት። «አይደለም!» ብላ ተነሳች። «አባ፣ እሺ ማለቴ አይደለም!»

እልልታው መሐል ላይ ተቆረጠ።

«ታዲያ ዝም ያልሽው...»

«ሌላ ነገር አይቼ ነው። አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኢምራን መልካም ሰው ነው፤ ግን እሱን አላገባም። ሌላ ሰው አለ።» ይህን ዓረፍተ ነገር በዕድሜዋ የምትናገረው አይመስላትም ነበር። «ኑሕ ይባላል። አዲሱ ገበያ የዕቃ ሱቅ ያላቸው የጋሽ አወል የወንድም ልጅ ነው። ሽማግሌ ልላክ ብሎ ጠይቆኝ ነበር።»

ጋሽ ኑሪ ቁጣቸውን ዋጥ አደረጉና ተመልሰው ተቀመጡ። «ከጠየቀሽ ለምን አልላከም?»

«እሺ ማለቴ አልደረሰውም።»

«በምን ልከሽው ነው ያልደረሰው?»

ሀያም ስልኩን እንደያዘች አስረዳቻቸው፤ ስለ ርዕሱ፣ ስለ ፎንቱ፣ ስለ ተጠባባቂው። ጋሽ ኑሪ እስከ መጨረሻው ሰሙና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ልጄ፣ እኔ ይህን ኮምፒውተር አላውቅም። ግን አፍሽ ምን ሆኖ ነበር?»

ሀያም ስልካቸውን መለሰችላቸው።

«ለኢምራን አባት እኔው ሄጄ እነግረዋለሁ። ይቀየመኝ ይሆናል፤ እችለዋለሁ» አሉ። «የዚያን ልጅ ቤተሰብ ግን ኑ ብዬ አልለምንም። ሽማግሌ ከመጣ በሬ ክፍት ነው። ካልመጣም አልመጣም። የሆነው ቢሆን ግን ጥፋቱን በሰው አታላኪ።»

በማግስቱ ጠዋት ሀያም ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ ጫነች፣ አንድ መስመር ትእዛዝ ጨመረች፣ አለቀ። ያን ያህል ያስለቀሳት ነገር ለሻይ የጣደችው ውኃ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም። የአባቷን ስልክ ተውሳ አየችው። አሁን የኑሕ ፊደል እዚያም ቆሟል። ቁጭ ብላ እስኪያየው መጠበቅ ትችል ነበር። ነገር ግን እምቢ የተባለበትን ገጽ ማን ተመልሶ ይከፍታል? ምናልባትም ረስቷታል። ምናልባትም አጎቱ ሌላ ሴት አይተውለታል። ሻሿን አሰረችና ወደ አዲሱ ገበያ ወረደች። እግሯ መንገዱን ያውቀዋል፤ ልቧ ግን በየመታጠፊያው ተመለሺ ይላት ነበር።

ማተሚያ ቤቱ በቀለም ሽታ ታፍኗል። ደንበኛ የምታስተናግደው ሊሚ «ኑሕ፣ እንግዳ!» ብላ ተጣራችና ወረቀት የምትቆጥር መስላ ጆሮዋን አቆመች። ኑሕ ከማሽኑ ጀርባ ብቅ አለ። ሲያያት እጁን በጨርቅ መጥረጉን ተወ።

«ሀያም! ሰላም ነው? አባት ታመሙ እንዴ?»

«ደህና ናቸው። ስለ ገጹ ነው የመጣሁት።»

ፊቱ ጨለም አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ቀድሞው ለስላሳ ነበር። «ገጹን አይቼዋለሁ እኮ። መልስሽም ገብቶኛል። ቅር እንዳይልሽ። እኔም ቅር አላለኝም።»

«አልገባህም። ፎንቱ ርዕሱ ላይ ነበር። እኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሆኖ ነው። ፋይሉ ሰርቨር ላይ ስላልወጣ ስልክህ ሲያጣው ተጠባባቂውን... በምንድን ነው ያየኸው?»

«በስልኬ። ሸጎሌ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ።»

«እዚህ ሥራ ቦታ ባለው ኮምፒውተርህ ብታየው ኖሮ እኮ ታገኘው ነበር! እዚያ ፎንቱ ስላለ...»

ኑሕ ግንባሩን ቋጠረ። «አንቺ ኮምፒውተር ላይ አለ፣ እኔ ስልክ ላይ የለም? አንዱ ገጽ?»

«አንዱ ገጽ። እንደ ባነር አይደለም፣ ኑሕ። እያንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ እንደገና ነው የሚጻፈው፤ እና ፋይሉ...» ሀያም ቃሉ መሐል አቆመች። እያስረዳች እያስረዳች ዋናውን ነገር አሁንም አልተናገረችም። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ተወው ፋይሉን። እሺ ነው ያልኩህ። ያኔም እሺ ብያለሁ፣ ዛሬም እሺ እላለሁ። ሽማግሌ ላክ።»

ሊሚ መቁጠሯን አቆመች።

ኑሕ ከአጠገቡ ያለው የባነር ጥቅል ላይ ተቀመጠ። አቀርቅሮ የያዘውን ጨርቅ ጠቀለለ፣ መልሶ ፈታው። ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«ሀያም፣ አጥፍቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ፎንቱን። ባላየው ይወጣልኛል ብዬ ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት። የሳልኩበትን ወረቀትም ቀደድኩት። ፍላሹን ለአንቺ ሰጥቻለሁ። እኔ ጋ አንድም ፊደል የለም።»

ሀያም አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ስልክህን ስጠኝ።»

ሰጣት። የገጹን አድራሻ ጽፋ መለሰችለት። ኑሕ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አየ። ያጠፋው ሁሉ እዚያ ነበር፣ እሷ ዘንድ ቆይቶ፣ አንዱ ሳይጎድል። በአውራ ጣቱ «ሸ»ዋን ነካት፣ ቀጥሎ «ማ»ዋን። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይሳቅ ያልቅስ ሊሚ እንኳ መለየት አልቻለችም።

«የዚህች እግር ረዝማብኛለች» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ባስተካክላት...»

«እንዳትነካት!» አለች ሀያም።

ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ። ኑሕ ፊቱን በክንዱ ጠረገና እዚያው ጥቅሉ ላይ እንደተቀመጠ ደወለ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አጎቴ። አዎ፣ ደህና ነኝ... አይ፣ አላለቀስኩም። የዚያን ጊዜ ያልኩህን ነገር፣ የጋሽ ኑሪን ልጅ ነገር... አልቀረም። እሺ ብላለች።» ከወዲያ የሚባለውን ሰማና ቀና ብሎ አያት። «አይ አጎቴ፣ በኢንተርኔት አይደለም። እዚሁ ቆማ፣ በአፏ ነው የነገረችኝ።»

ከስልኩ ውስጥ የአጎት አወል ሳቅ ማሽኑን አልፎ ተሰማ። ጋሽ ኑሪ መቼ ቤት እንደሚገኙ ይጠይቁ ነበር። ሀያም የኑሕን አፍ አልጠበቀችም፤ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ራሷ መለሰችላቸው።